የኮሪያ ልብስ የለበሱ የውጭ ነገሥታት፦ የድሮዎቹን የኮሪያ የሕይወት ታሪኮች እንዴት እናንብብ?

መጀመሪያ የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። ከመቶ ዓመት በፊት የታተሙ የኮሪያ መጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ «ኋሰንግዶን» የሚል ስም አየሁና የሆነ የጥንት የኮሪያ የጦር አበጋዝ ነው ብዬ አለፍኩት። ስሙም ግርማ አለው፣ አይደል? ሰውየው ጆርጅ ዋሽንግተን መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እንደዚህ ዓይነት መጽሐፍ የራሱ አነባበብ እንዳለው የገባኝም ያኔ ነው። አነባበቡን ሳታውቁ ከገባችሁበት ደረቅ ትርጉም ይመስላችሁና ሦስተኛው ገጽ ላይ ትዘጉታላችሁ።

የማወራው በግምት ከ1905 እስከ 1910 ስለወጡት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓን በኖቬምበር 1905 ኮሪያን በሞግዚትነት ያዘቻት፣ በኦገስት 1910 ደግሞ ጭራሽ ጠቀለለቻት። ታላቁ ፒተር፣ ናፖሊዮን፣ የፕሩሲያው ፍሬድሪክ፣ ዋሽንግተን፣ ቢስማርክ በኮሪያ ቋንቋ ተከታትለው የወጡት በእነዚህ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። አገር ከእጅ እየወጣ ሰው ስለ ሩሲያ ንጉሥ ያነባል። ብዙዎች ይህንን «የምዕራቡ ዓለም ተጽዕኖ» ብለው ያልፉታል። እኔ አልስማማም። እንግዶቹ ከሩቅ መጡ እንጂ ያደሩበት ቤት የኮሪያ ቤት ነው፤ በሩም፣ ምሰሶውም፣ የእንግዳ መቀመጫውም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የተሠራ ነው። እንዴት እንደምታዩት ላሳያችሁ።

ርዕሱ ላይ «ጀን»ን ፈልጉ

የመጽሐፉ ስም በ«ጀን» ካለቀ ቆም በሉ። ቃሉ ከቻይና የመጣ ነው፣ ማስተላለፍ ማለት ነው፤ የአንድን ሰው ሕይወት ለመጪው ትውልድ ማስተላለፍ። ፈር የቀደደው ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው የቻይና ታሪክ ጸሐፊ ሲማ ቺየን ሲሆን በኮሪያ የታወቀው ትልቅ ምሳሌ ደግሞ ኪም ቡሺክ በ1145 ያጠናቀቀው «ሳምጉክ ሳጊ» ነው፣ የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ ማለት ነው። ይህ ሥራ 50 ጥራዝ አለው። 28ቱ የነገሥታት ናቸው። የመጨረሻዎቹ 10 ናቸው ጀን፤ ከእነሱም ሦስቱን ብቻውን የወሰደው አንድ ሰው ነው፣ ከሦስቱ መንግሥታት የአንዷ የሺላ ጄኔራል ኪም ዩሺን።

አሁን የምለውን ያዙልኝ፣ የጽሑፌ ዋና ነገር እሱ ነው። በዚያ መጽሐፍ አሠራር ንጉሥ ጀን ውስጥ አይገባም። ንጉሥ «ቦንጊ» የሚባል የራሱ ክፍል አለው፤ በዚህ ዓመት መልእክተኛ ተላከ፣ በዚያ ዓመት ድርቅ ሆነ እያለ በዘመን የሚቆጠር። ጀን የጄኔራሎች፣ የሊቃውንት፣ የታማኝ አገልጋዮች፣ ወላጆቻቸውን የጦሩ ልጆች፣ እንዲሁም የአመጸኞች ነው። 50ኛው ጥራዝ ላይ ጉንግ ዬ እና ግየን ኋን የሚባሉ ሁለት ሰዎች ታገኛላችሁ። ሁለቱም መንግሥት መሥርተው፣ ንጉሥ ተብለው፣ ሕዝብ የገዙ ናቸው። ኪም ቡሺክ ግን ከነገሥታቱ ክፍል አስወጥቶ መጨረሻ ላይ ጀን ውስጥ ከተታቸው። ንግሥናችሁን አልቀበልም ማለቱ ነው፣ ያውም አንድ የስድብ ቃል ሳያወጣ።

እንግዲህ በ1908 «ፒዱክ ዴጄ ጀን» የሚል መጽሐፍ ሲወጣ አስቡት። «ዴጄ» ታላቅ ንጉሠ ነገሥት ማለት ነው፤ ፒዱክ ደግሞ ታላቁ ፒተር። ንጉሠ ነገሥት በጀን! እርግጥ በዚያ ጊዜ ቃሉ ሰፍቶ ነበር፤ «ሆንግ ጊልዶንግ ጀን»፣ «ቹንህያንግ ጀን» የሚባሉት የታወቁ ልብ ወለዶችም ጀን ናቸው፣ ስለዚህ እያንዳንዱ ተርጓሚ የድሮውን ሕግ እያሰበ ጻፈ አልልም። የአንባቢው ጆሮ ግን የለመደው አለ። ቦንጊ «በዘመኑ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። ጀን ግን «ይህ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነበር? ከእሱስ ምን እንማራለን?» ይላል። ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዶ እንደ ማንኛውም የአገር አገልጋይ ይመዘናል።

በእኛ ብታዩት ይቀላችኋል። የንጉሥ ነገር በዜና መዋዕል ይጻፋል፣ የቅዱስ ደግሞ በገድል። ላሊበላ ግን ንጉሥ ሆኖ ገድል አለው። ገድሉን ስትከፍቱ ስንት ጦርነት አሸነፈ ብላችሁ አትጠይቁም፤ ሌላ ሚዛን ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ልክ እንደዚያ ነው።

ስሞቹን ፍቱ

ይሄ ክፍል እንደ እንቆቅልሽ ነው፣ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ቻይናዎች የውጭ ስም ሲጽፉ ድምፁ የሚቀርብ የራሳቸውን ፊደል ይመርጣሉ። ኮሪያዎች ያንኑ ፊደል ወስደው በራሳቸው ንባብ ያነቡታል። ስሙ ሁለት ጊዜ ስለተጣመመ ባለቤቱ ቢጠራበት ዞር አይልም። ዋሽንግተን ኋሰንግዶን ሆነ፣ ናፖሊዮን ናፓርዩን፣ ቢስማርክ ቢሳሜክ፣ ፒተር ፒዱክ። አገሮቹም እንዲሁ ናቸው፦ ሩሲያ አራሳ፣ ጀርመን ደክጉክ፣ ፕሩሲያ ቦሮሳ፣ ስዊዘርላንድ ሰሳ። እነዚህን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጡ። የስልክ ትርጉም መተግበሪያ እዚህ ጋ ብዙም አያድናችሁም፤ «ሰሳ»ን ምን ብሎ እንደሚተረጉምላችሁ እግዜር ይወቅ።

ስሙ ሌላም ነገር ይነግራችኋል። በቻይንኛ ፊደል ከተጻፈ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የመጣው በቻይና በኩል ነው። በኖቬምበር 1908 ግን ቼ ናምሰን የሚባል የ18 ዓመት ልጅ «ሶንየን» የሚል መጽሔት አወጣ (ልጅ ነበር፣ ግን አታሚም ጸሐፊም ሆኖ ነበር)። እዚያ ላይ ስለ ፒተር ሲጽፍ ፒዱክ አላለውም፤ እንደሚሰማው አድርጎ በሃንጉል፣ በኮሪያዎች የራሳቸው ፊደል፣ «ፔተር» ብሎ ጻፈው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን የቻይናን ፊደል መካከለኛነት መዝለል ነው።

እዚሁ ላይ ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ስሙን ያዘመነው ልጅ ርዕሱ ላይ ፒተርን ሩሲያን «ያስነሣ» ሲል የተጠቀመው «ጁንግሁንግ» የሚለውን ቃል ነው። ይህ የቤተ መንግሥት ቃል ነው፣ ሥርወ መንግሥት እየደከመ ሳለ መሃል ላይ ተነሥቶ የሚያቀና ንጉሥ የሚመሰገንበት። ፒተር እንደምታውቁት የወደቀ ነገር ከማንሣት ይልቅ አዲስ ከተማና አዲስ የባሕር ኃይል የፈጠረ ሰው ነው። ግን የኮሪያ አንባቢ የሚያስፈልገው የወደቀን የሚያነሣ ንጉሥ ነበር። ቃሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር፤ ፒተር መጣና ገባበት።

መንገዱን ወደ ኋላ ተከተሉ

ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ከአውሮፓ በቀጥታ አልመጡም። ጥሩው ምሳሌ የኢጣሊያ ሦስት ጀግኖች ታሪክ ነው፣ የማዚኒ፣ የጋሪባልዲና የካቩር። እንግሊዛዊው ማሪዮት በ1889 ጻፈው፣ ጃፓናዊው ሂራታ ሂሳሺ በ1892 ወደ ጃፓንኛ መለሰው፣ ከቻይና ተሰዶ ጃፓን የተቀመጠው ሊያንግ ቺቻዎ በ1902 በቻይንኛ እንደገና አዘጋጀው፣ ሺን ቼሆ በ1907 ወደ ኮሪያ አመጣው፣ በዓመቱ የሰዋስው ሊቁ ጁ ሺግየንግ በንጹሕ ሃንጉል አወጣው። አራት ቋንቋ፣ አምስት እጅ። በየእጁ ትንሽ ቀለም ይጨመራል።

ታዲያ ይህን ሁሉ እንዴት ላወዳድር ትሉኛላችሁ። አታወዳድሩ። መሃሉን ተዉት። መሃሉ፣ ጦርነቱና ቀን ቁጥሩ፣ ባብዛኛው እንዳለ ይተላለፋል። ለውጡ ያለው ጠርዝ ላይ ነው፤ መግቢያውና መደምደሚያው ላይ። ጊዜ ከሌላችሁ እነዚህን ሁለቱን ብቻ አንብቡ።

አንድ ሌላ ነገርም ጠይቁ፦ ማን ቀረ? ኢጣሊያ ስትዋሐድ ዙፋን ላይ የወጣው ቪክቶር ኢማኑኤል ሁለተኛ ነው። ከሦስቱ ጀግኖች ግን አንዱ እሱ አይደለም። አንድ የሚያስብ፣ አንድ የሚዋጋ፣ አንድ የሚያስተዳድር፤ ንጉሡ ዳር ቆሟል። ይህ የኮሪያዎች ፈጠራ አይደለም፣ ከእንግሊዙ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ነገር ግን የገዛ ንጉሣቸው በ1907 ከዙፋን እንዲወርድ የተገደደባቸው አንባቢዎች እጅ ሲገባ ትርጉሙ ሌላ ነው የሚሆነው።

አጀማመሩን ከድሮው ጋር አስተያዩ

የድሮ ጀን እንዴት እንደሚጀምር እወቁ። የኪም ዩሺን ጀን ዘር ቆጥሮ ይነሣል፤ 12ኛው አያቱ ንጉሥ ሱሮ ነው ይላል። ከዚያ ሕልም ይመጣል። አባቱ ሁለት ኮከቦች ወደ እሱ ሲወርዱ አየ፣ እናቱ ደግሞ የወርቅ ጥሩር የለበሰ ልጅ በደመና ተጭኖ ወደ ቤቷ ሲገባ አየች። ልጁ የተወለደው በ20 ወሩ ነው። በሕዝብ ልብ ወለዶች ውስጥ ይህ ሰፍቶ የታወቀ ቅርጽ ያዘ፦ ከትልቅ ዘር፣ ያልተለመደ አወላለድ፣ በልጅነት መጣል ወይም መከራ፣ የሚያነሣው ሰው ማግኘት፣ ሁለተኛ መከራ፣ ድል።

አሁን የውጭውን ሰው በዚህ ላይ ለኩት። ፒተር በ1697 ሆላንድ ሄዶ፣ ማንነቱን ሸሽጎ፣ መርከብ ሠሪ ቤት መጥረቢያ ይዞ ሠርቷል። ለአውሮፓ አንባቢ ይህ የሚገርም ገጠመኝ ነው። የኮሪያ አንባቢ ግን ይህን ሰው ያውቀዋል፤ ከትልቅ ዘር ወጥቶ ሳይታወቅ በዝቅታ የሚኖረው የልብ ወለዱ ጀግና ነው። ናፖሊዮን ደግሞ ያስቸግራል። ልጅነቱና አነሣሡ ልክክ ይላል፣ መጨረሻው ግን በ1821 በቅድስት ሄለና ደሴት እስረኛ ሆኖ መሞት ነው። ቅርጹ ድል ይፈልጋል፣ ታሪኩ አልሰጠውም። ስለ እሱ የተጻፈ ስታገኙ መጀመሪያ የምታዩት ይህንን ይሁን፦ ጸሐፊው የት ላይ አቆመ?

በጣም ግልጹ ምሳሌ ግን ንጉሥ አይደለችም። ጃንግ ጂየን በ1907 ያወጣው፣ ፈረንሳይን ከእንግሊዝ ለማዳን የተዋጋችው የጆአን ኦፍ አርክ ታሪክ ነው፣ «ኤጉክ ቡኢን ጀን»፣ አገር ወዳዷ ሴት። የመጀመሪያዋ ቃል «ኋሰል» ናት። ትርጉም የላትም ማለት ይቻላል፤ ተራኪ ጉሮሮውን ጠርጎ «እሺ፣ ተረቴን ልጀምር» ሲል የሚጠቀምባት የድሮ ልብ ወለድ መክፈቻ ናት። እህቷ «ጋክሰል» ደግሞ ወሬ ሲቀየር ትመጣለች፣ እንደ እኛ «ወደ ነገራችን እንመለስ»። ከኋሰል በኋላ ምን ይላል? ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በአውሮፓ፣ በፈረንሳይ አገር፣ በኦርሌአን አካባቢ አንድ መንደር ነበረች ይላል። ታሪኩ የፈረንሳይ፣ ድምፁ ማታ ማታ ለሰፈር ሰው ጮክ ብሎ የሚያነበው የኮሪያ አንባቢ ድምፅ። ስለዚህ እነዚህን መጻሕፍት ስታገላብጡ እነዚህን ሁለት ቃላት ፈልጉ። ካሉ፣ ተርጓሚው የልብ ወለዱን ወግ ይዟል። ከሌሉ፣ ወደ ታሪክ ጸሐፊዎቹ ወግ ያዘነበለ ሳይሆን አይቀርም።

ፊደሉንም በዓይናችሁ ብቻ እዩት። በቻይንኛ ፊደል የተሞላ ቅይጥ ጽሑፍ ከሆነ የተጻፈው ለተማረ ወንድ ነው። ንጹሕ ሃንጉል ከሆነ ሴቶችና ተራው ሕዝብ እንዲያነቡት ታስቧል። የጆአን መጽሐፍ ንጹሕ ሃንጉል ነው።

መጨረሻው ላይ ያለውን ሐተታ ግን እንዳትዘሉት

ሲማ ቺየን አንድን ሕይወት ተርኮ ሲጨርስ «ታሪክ ጸሐፊው እንዲህ ይላል» ብሎ በራሱ አንደበት ይፈርዳል። ኪም ቡሺክም አንዳንዱን ጀን ሲጨርስ «ኖንዋል» ብሎ ይገባል፣ ሐተታው እንዲህ ይላል ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ጸሐፊው ተደብቆ ነበር። እዚህ ጋ ፊቱን ታዩታላችሁ።

የ1907 እና የ1908 ተርጓሚዎች ይህችን ቦታ ወርሰዋታል። ጃንግ ጂየን ማን እንደነበር አስታውሱ፤ ጃፓን ኮሪያን በሞግዚትነት የያዘችበት የ1905ቱ ውል ሲፈረም በጋዜጣው «በዚህ ቀን ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናልቅስ» የሚል ርዕሰ አንቀጽ ጽፎ የታሰረ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የጆአንን ታሪክ ሲዘጋ በሐዘን ይጠይቃል፦ በእኛስ አገር እንዲህ ያለች ሴት ትኖር ይሆን? ጠላት እንግሊዝ ናት፣ የተወረረችው ፈረንሳይ ናት። ሴኡል ላይ ያነበበው ሰው ግን የሚነግረው አልፈለገም።

ሐተታ የሚፈርድበት ሚዛንም የድሮ ነው። የቻይናው ሹ ጂዩ በ1848 ባወጣው የዓለም ጂኦግራፊ ዋሽንግተንን ከጥንት የቻይና የጦር መሪዎች ጋር አወዳድሮ፣ ከእነሱ የሚለየው የንጉሥነት ማዕረግ አለመያዙና ሥልጣኑን ለዘሩ አለማውረሱ ነው አለ። ይህ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ሥልጣንን ለልጅ ሳይሆን ለሚገባው ሰው ያስረከቡት ደጋግ ነገሥታት የሚመሰገኑበት ቃል ነው። መጽሐፉ ወደ ኮሪያ ገብቶ ሊቁ ቼ ሃንጊ በ1857 ላዘጋጀው የዓለም መግለጫ ምንጭ ሆኖታል። ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ ይህን ስሙ፦ የሹ ጂዩ ቃል በድንጋይ ተቀርጾ ከቻይና ተልኮ በዋሽንግተን ሐውልት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አለ። በአጠገቡ ስንት ጊዜ አልፋችሁ ይሆን?

ከዚያ የአገሬውን ጀግና አንብቡ

የውጭውን ሰው ብቻ አንብባችሁ ካቆማችሁ ግማሹን ነው ያያችሁት። ሺን ቼሆ የኢጣሊያን ሦስት ጀግኖች ከተረጎመ በኋላ ቁጭ ብሎ የራሱን ሦስት ጻፈ። በ1908 ኡልጂ ሙንደክ፣ በ612 የቻይናን የሱይ ጦር በሳልሱ ወንዝ የደመሰሰው፤ ታሪክ እንደሚለው ከ300,000 በላይ ተሻግሮ የተመለሰው 2,700 ነው። በዚያው ዓመት አድሚራል ኢ ሱንሺን። ከዚያ የድሮው ጄኔራል ቼ የንግ። ሦስት ለሦስት፣ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በኢ ሱንሺን መጨረሻ ላይ፣ በዚያችው በሐተታዋ ቦታ፣ ከእንግሊዙ የባሕር ጦር አዛዥ ከኔልሰን ጋር ያስተያየውና ኔልሰን አይደርስበትም ብሎ ይፈርዳል። በፊት እንግዳው በኮሪያ ሚዛን ይመዘን ነበር። አሁን ደግሞ የኮሪያው ሰው በእንግዳ ይመዘናል፣ ሚዛኑን የያዘው እጅ ግን ያው ነው።

በ1909 የህትመት ሕግ ወጣና ብዙዎቹ ተከለከሉ። ደግነቱ የተረፉት ዛሬ በኮሪያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክምችት ይፈለጋሉ፣ «ሳምጉክ ሳጊ»ም ከዘመናዊ ትርጉሙ ጋር በኮሪያ ብሔራዊ ታሪክ ተቋም የመረጃ ቋት በነጻ ይነበባል። በኮሪያ ድራማ ሰበብ ሃንጉል የለመዳችሁ ከሆነ በናፖሊዮን አትጀምሩ፣ በቻይንኛ ፊደል ያደክማችኋል። «ኤጉክ ቡኢን ጀን»ን ያዙ፤ 10 አጫጭር ምዕራፍ ብቻ ነው። አጻጻፉ የድሮ ስለሆነ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ዓይን ያልያዘውን ጆሮ ይይዘዋል። መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ፣ ጃንግ ጂየን የሚጠይቀውን ጥያቄ አንብቡ። ከዚያ ወደ ኋሰል ተመለሱ።